የስድስት ቀን ባሕር

ምጽዋ፣ ኅዳር 12 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለተከበሩ እናቴ ለወይዘሮ ጥላነሽ
አማኑኤል

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ፣ ላሞቹ፣ የጓሮው ንብ ሁሉ እንዴት ናቸው? እኛን ከምጽዋ ሙቀት በቀር የሚያስጨንቀን የለም፤ እሱም በዚህ ወር ረገብ ብሏል። ልጅዎ የኔዓለም እጅ ትነሣለች። በእጇ ያልጻፈችበትን ምክንያት ቢጠይቁኝ፣ አልታመመችም። ወንበር ላይ ብዙ መቀመጥ ሰልችቷት ነው። እስከዚያው የእርሷንም ቃል እኔ እጽፋለሁ።

ዛሬ የምጽፍልዎ ስለ አንድ ሐሳብ ነው። በወደቡ የኤሌክትሪክ ክፍል ስድስት ዓመት ስሠራ አንድ ቀን እንኳ ከዘመድ ጋር ሆኜ ባሕሩን አላየሁትም። ስለዚህ እርስዎ መጥተው ስድስት ቀን ቢያርፉ ብለናል። ጊዜው ከጥር መጨረሻ ጀምሮ ቢሆን ጥሩ ነው። አየሩ ለደገኛ ሰው የሚመቸው ያኔ ነው፤ ሁዳዴም የሚገባው የካቲት 22 ስለሆነ በምግብ አይቸገሩም።

ዕቅዱን እነሆ። በመጀመሪያው ቀን ከመንገድ ድካም ያርፋሉ። በሁለተኛው ጉርጉሱም የሚባለውን የባሕር ዳር አሸዋ እናያለን፤ ውኃው ብዙ እርምጃ ድረስ ከጉልበት አያልፍም፣ መዋኘት የማይችል ሰውም እግሩን ነክሮ ይመለሳል። በሦስተኛው አሮጌውን ከተማ እንዞራለን። ቤቶቹ በቱርክ ጊዜ ከባሕር በወጣ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ የበረንዳቸው እንጨት እንደ ቀሚስ ጥልፍ ነው። በአራተኛው በጀልባ ወደ ዳህላክ ደሴት እንሄዳለን፤ እዚያ ከዓለት የተፈለፈሉ የጥንት የውኃ ጉድጓዶችና ጽሑፍ ያለባቸው የመቃብር ድንጋዮች አሉ። በአምስተኛው ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ በሸክላ ምድጃ የተጠበሰ ዓሣ እንበላለን፤ ከቂጣና ከማር ጋር ነው የሚቀርበው። በስድስተኛው ማርያምን ተሳልመው ይመለሳሉ።

የኔዓለም አንድ ነገር ጨምርልኝ ብላለች። ሲመጡ ከአማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ከገደሉ ሥር ካለው ነጭ አፈር በመሐረብ ቋጥረው ይያዙላት። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም። ውኃ ሲነካው ሽታው ደስ ይላል አለች። ሎሚም ይጨምሩ ብላለች።

ሌላ አዲስ ነገር የለም።

አክባሪዎ
ደምለው


አማኑኤል፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለአቶ ደምለው

እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ባለቤቱ ግትር ሆኗል እንጂ ሌላው አካሌ ይታዘዘኛል። ላሞቹ ደኅና ናቸው። ከአንዱ ቀፎ ንቡ ሸሽቶ ሄዷል፤ ይቅናው።

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አባቴ መሪጌታ ቢያዝን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ሴት ልጅ ፊደል ምን ይሠራላታል?» እየተባሉ ዳዊት ያስደገሙኝ ለካ እንዲህ ላለው ቀን ኖሯል። በሌላ ሰው አፍ ቢነበብልኝ አማኑኤል በሙሉ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰምቶት ነበር።

እስቲ አሁን እንነጋገር። ሰው ባሕር እይ ተብሎ ሲጠራ አፈር ይዘህ ና ይባላል? አይ አማቼ! ኤሌክትሪኩን ያውቁት ይሆናል፣ ነገር መደበቅ ግን አልተማሩም። ያንን አፈር እኔም አንድ ሰሞን ልሼዋለሁ። የኔዓለም ከመወለዷ ከአምስት ወር በፊት ነበር።

ከዚህ አልፌ አልናገርም፤ እርስዎም አይናገሩ። የፊተኛውን በሦስት ወሩ ለአገር ምድሩ አወጅነው፣ ቀረ። ሁለተኛውን ደግሞ «የበኩር ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው» ብዬ እኔ ራሴ ጠራኋት። በሰባት ወሯ ዓባይን በአውቶቡስ ስትወርድ እዚያው መንገድ ላይ ቀረ። የጠራሁት እኔ ነኝ። አሁን ስሙን የሚጠራ አፍ አይኑር። ከዛሬ ጀምሮ እኛ የምናወራው ስለ ባሕር ነው።

አማት ከአማቿ ቤት ገብታ እንደማትከርም ያውቃሉ። ባንድ ገበታ መቅረብማ ከነውርም ነውር ነው። ከሠርጋችሁ ቀን ጀምሮ እርስዎ ፊቴ ሲጎርሱ አይቼ አላውቅም፣ እኔም እፊትዎ ጎርሼ አላውቅም። ልጄ ቤት ልከርም ነው ብል ሁሉም «ለምን?» ይላል። ባሕር ላይ ነው ካልኩ ግን «አበደች» ብሎ ይተወኛል። ጎረቤቴ ወለተ ጊዮርጊስ ገና ዛሬ ጀምራለች። «በስተርጅና ዋና ልትማሪ ነው?» አለችኝ። «አዎ፣ አንቺስ ሐሜት የተማርሽው በስንት ዓመትሽ ነው?» አልኳት።

የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት የማኅበሩ ድግስ የኔ ተራ ነው። ስለትም አለብኝ፤ ስለ ምን እንደሆነ አይጠይቁ። ማኅበርተኛው በልቶ ጠጥቶ ከተሸኘ በኋላ በ18 እነሣለሁ። ዓሣውን ማን አረደው ብዬ አላስቸግርም፤ ዓሣ አራጅ አይሻም ይላሉ። ስድስት ቀን የሚሉት ግን ስንት ቀን እንደሆነ በደንብ ይጻፉልኝ።

ጥላነሽ


ምጽዋ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለተከበሩ እናቴ

መልሱን በማዘግየቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ወደቡ ላይ አንድ ትልቅ ሞተር ተቃጥሎ ሁለት ሳምንት ከዚያ አልተላቀቅንም።

በጻፉልኝ ነገር ላይ ምንም አልጨምርም። እንዳሉት ስለ ባሕር ብቻ እጽፋለሁ።

ስድስት ቀን ያልኩት ሊረዝም ይችላል። አርባም ሊሆን ይችላል፣ ሰማንያም። ወንድ ለአርባ፣ ሴት ለሰማንያ ቀን እንደሚባለው ማለቴ ነው እንጂ ሌላ ነገር ማለቴ አይደለም። የሚያርፉት እኛ ቤት አይደለም። ግድግዳ ለግድግዳ የምንዋሰናቸው ወይዘሮ አመተ ሥላሴ የሚባሉ የደምበጫ ሰው አሉ። አልጋ አዘጋጅተውልዎታል፤ ገበታዎም ከእርሳቸው ጋር ነው። እኔ እርስዎ በሚበሉበት ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ።

ዕቅዱ ላይ ትንሽ ለውጥ አለ። ዳህላክ ቀርቷል፤ ጀልባው ብዙ ሰዓት ይፈጃል፣ የኔዓለምን ለዚያን ያህል ሰዓት ትቶ መሄድ አይሆንም። የዓሣውም ቀን ቀርቷል። የኔዓለም ሽታው ካጠገቧ እንዳይደርስ ስላለች፣ በመንገዳችን የሚያልፉት ዓሣ ሻጮች በሌላ መንገድ እንዲዞሩ ለምኜ ተስማምተዋል። አሸዋው፣ አሮጌው ከተማና ማርያም እንዳሉ ናቸው።

አሁን ልመናዬ። ከየካቲት መግቢያ በፊት ይምጡ። ባሕሩ ሊጠበቅ የሚገባው እስከ መጋቢት ነው፤ ሆኖም ሁለት ጊዜ የከዳን ባሕር ስለሆነ በቀኑ ላይ መተማመን አይቻልም። ይህን የነገረኝ ሰው ነጭ ጋውን ይለብሳል፣ አንገቱም ላይ ማዳመጫ አለ። ደረጃ እንዳትወጣ፣ ባልዲ እንዳታነሣ ያለውም እርሱ ነው። ከደብረ ማርቆስ አውሮፕላን አለ። ዓባይን ከላይ ነው የሚያልፈው።

ስለዚያ መንገድ የጻፉትን አንብቤያለሁ። በዚህ ቤት እርስዎን የወቀሰ ሰው የለም።

አክባሪዎ
ደምለው


አማኑኤል፣ ጥር 14 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለአቶ ደምለው

ጥምቀትን በሰላም ዋልን። ደብዳቤዎ የደረሰኝ በዋዜማው ነበር፤ በዓሉን ያሳለፍኩት በደረቴ አድርጌው ነው።

አውሮፕላን ያሉትን ይተዉት። ከደመና በላይ የምሄደው አንድ ቀን ነው፣ ያ ቀን ገና አልተጠራም።

ዕቃዬን ጀምሬያለሁ። ለጋ ቅቤ በሁለት ቅል፣ የተቆላ የገብስ ዱቄት አንድ ስልቻ፣ አብሽ፣ ማር፣ አንድ ያረጀ ነጠላ። ነጠላው ስንት ጊዜ ታጥቦ ለስልሷል፤ ለምን እንደሆነ እርስዎ አይገባዎትም፣ ልጄ ይገባታል። ወለተ ጊዮርጊስ ቅቤውን አይታ «ለባሕር ይሄ ሁሉ ቅቤ?» አለችኝ። «ጨዉ ቆዳ ይበላል፣ ልቀባው ነው» አልኳት። ዝም አለች። ዝም ስትል ነው የምፈራት።

አንድ ነገር ሳልጽፍ ባልፍ እንቅልፍ አይወስደኝም። «የወቀሰ ሰው የለም» ብለዋል። ብትወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር! ያን ጊዜ ሐኪሙ አትሂድ ማለቱን የኔዓለም ጽፋልኝ ነበር። እኔ ደግሞ «ሐኪም የኛን ወግ ምን ያውቃል፣ ጎረቤት ልጇን አማቷ ቤት አስወለደች ይለኛል» ብዬ መለስኩላት። ልጄ ቃሌን አክብራ ተነሣች። ያ ደብዳቤ እናንተ ዘንድ ካለ ያቃጥሉት። አይ፣ አያቃጥሉት። ያስቀምጡት፤ ስመጣ እኔ ራሴ አነበዋለሁ።

ስለቱን እንግዲህ ልንገርዎ። በዚያ ዓመት ተንበርክኬ ነው የተሳልኩት። እመቤቴ ሦስተኛውን ከሰጠሽን፣ ሳይወለድ በፊት ድግስሽን በራሴ እጅ ሠርቼ ማኅበርተኛሽን አበላለሁ አልኩ። ድግሱን ጥዬ ብመጣ፣ የመጣሁበትን ነገር በምን አፌ እለምናለሁ? ቀኑ 18 ነው። አያስቸግሩኝ።

ልጄን ግንባሯን ይሳሙልኝ።

ጥላነሽ


ምጽዋ፣ ጥር 29 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለተከበሩ እናቴ

በጭነት መኪና ሹፌሩ በአቶ አወቀ እጅ የላኩት ቁራጭ ወረቀት በደኅና ደርሶኛል። ጥያቄው አንድ መስመር ስለሆነ መልሱም አንድ መስመር ነው። አዎ፣ ይንቀሳቀሳል። ማለዳ ቀስ ብሎ፣ ወደ ማታ ጠንከር ብሎ። ስለ ባሕሩ ማለቴ ነው።

የኔዓለም ከአልጋ አትወርድም። እግሯ አብጧል። ነጭ ጋውን ለባሹ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይመጣል። አሸዋውና አሮጌው ከተማ ከዕቅዱ ወጥተዋል። የቀረው በረንዳችን ነው፤ ከዚያ ላይ ሆኖ ባሕሩ በደንብ ይታያል፣ መርከቦቹ ሲገቡም ሲወጡም። ወንበር ሠርቼልዎታለሁ፤ ጉልበትዎ እንዳይቸገር ከፍ አድርጌዋለሁ።

ቀኑን በተመለከተ ዳግመኛ አላስቸግርዎትም። ትናንት ግን የኔዓለም ሥራ ላይ ሳለሁ ሰው ልካ አስጠራችኝ። ሮጬ ስደርስ ምንም አልነበረም፤ «እናቴ መቼ ነው የምትመጣው?» ለማለት ነው የጠራችኝ። በ18 ትነሣለች አልኳት። ከዚያ በጣቷ ስትቆጥር ነበር።

ደምለው


ቴሌግራም
ከምጽዋ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ የካቲት 9 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ጥላነሽ፣ አማኑኤል። ሽርሽሩ ቀኑ ተቀድሟል። ድግሱን ለሰው ይስጡ። እባክዎ በአውሮፕላን ይምጡ። ደምለው


ቴሌግራም
ከደብረ ማርቆስ ወደ ምጽዋ፣ የካቲት 9 ቀን 1957 ዓ.ም.

ነገ በአውሮፕላን። ለልጄ አፈሩን ይዛለች ይበሏት። ጥላነሽ


(በዕቅዱ ወረቀት ጀርባ፣ በእርሳስ)
ምጽዋ፣ የካቲት 12 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለአቶ ደምለው፣ ውጭ በሩ ላይ

ሴት ናት። መጀመሪያ አልጮኸችም፤ ለዚህ ነው ቤቱ ጸጥ ያለብዎት። ነርሷ ገልብጣ መታቻት። አሁን ትጮኻለች፤ ይሰማዎታል? የኔዓለም ደኅና ናት። ደክማለች፣ ደኅና ናት።

እልል ልል ብዬ ለቅሶ ሆነብኝ። ልነግርዎ ወደ በሩ ብመጣም አፌ አይከፈትም። ሌላ ወረቀት ስላጣሁ ግድግዳው ላይ የለጠፉትን ዕቅድ ገነጠልኩት። ሦስቱን እልልታ አመተ ሥላሴ ይበሉልን። እስክጠራዎት አይግቡ።

ጥላነሽ


አማኑኤል፣ ሰኔ 6 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለልጄ ለደምለው

በሰላም ገብቻለሁ። ዝናቡ ተቀብሎኛል፣ ጭቃው ተቀብሎኛል፣ የሸሸው ንብ ግን አልተመለሰም። «አንተ» ስልህ አትደንግጥ። ይህን ደብዳቤ «አቶ» ብዬ ጀምሬው ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ባሕሩን ሳላሳይዎት ቀረሁ ብለህ ሁለት ገጽ ሙሉ ይቅርታ ጠይቀሃል። ምን ይቅርታ አለው! በመጣሁ ዕለት ዓይኔ ከልጄ ፊት በቀር ሌላ ነገር አላየም። አራሷን ነፋስ እንዳይመታት፣ ሰው እንዳያያት ብዬ የበረንዳውን መጋረጃ የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ሰማንያው ቀን እስኪሞላም አልገለጥኩትም። የሠራህልኝ ወንበር እንዳለ ነው፤ የሽንት ጨርቅ ማስጫ ሆኖ ከረመ። ግንቦት ልደታ ለክርስትና ስንወጣ ልጂቱን፣ ወለተ ሚካኤልን፣ ታቅፌ እግሬን እያየሁ ነው የሄድኩ። ወደ አገሬ ስመለስ ደግሞ መኪናው ድልድዩ ላይ ሲደርስ «እማማ፣ ይኸው በግራም በቀኝም ባሕር ነው» አልከኝ። ሰምቼሃለሁ። እኔ ግን ዞሬ ወደ ኋላ እያየሁ ነበር። የኔዓለም በረንዳው ላይ ወጥታ ወለተ ሚካኤልን ከፍ አድርጋ ይዛልኝ ነበር። ከዚያ ላይ ዓይኔን ላንሣ?

እዚህ ያለውን ልንገርህ። ድግሱን ወለተ ጊዮርጊስ ነች የደገሰችልኝ። ቴሌግራሙ የመጣ ዕለት እየሮጥኩ ሄጄ «ስለቴን ተቀበይኝ» አልኳት፤ ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ስመለስ እንዲህ አለችኝ፦ «ቅቤውን ያየሁ ቀን አውቄ ነበር። አፌን ይዤ የከረምኩት በዕድሜዬ ይህ የመጀመሪያ ነው፣ ታምሜበታለሁ።» ከሐሜቷ ሁሉ ይህን አንድ ዝምታዋን እግዚአብሔር ይቁጠርላት። የንስሐ አባታችን አባ ወልደ ሩፋኤልም ድግሱ በማንም እጅ ይሠራ፣ ስለቱ ደርሷል ብለውኛል።

ሌላው ሰው ግን ስለ ባሕሩ ካልነገርሽን ብሎ አስጨንቆኛል። ምን ላድርግ? የፊተኛውን ደብዳቤህን አወጣሁና እርሱን ነገርኳቸው። አሸዋውን፣ የቱርክ ቤቶቹን፣ ዳህላክን ሳይቀር። ዓሣውንማ ከነማሩ በልቻለሁ። አንዱ «ውኃው በእውነት ጨው ነው?» ሲለኝ «ታዲያ ቅቤውን ሁሉ ለምን ጨረስኩት?» አልኩት። እንግዲህ ወደዚህ ስትጽፍ ተጠንቀቅ፤ እንዳታጋልጠኝ።

አንድ ቀን ላንሣና ልጨርስ። የመጀመሪያውን ገንፎ ያገነፋሁ ዕለት አንተ በሩ ጋ ቆመህ ነበር። ሦስት ቀን እህል እንዳልቀመስክ አመተ ሥላሴ ነገረችኝ። ወግ ነው፣ ነውር ነው የሚለው ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፋና በእጄ ቆርሼ አጎረስኩህ። አንተም ጠፋብህና ጎረስክ። ከዚያ አለቀስክ። ቅቤው ትኩስ ስለነበር ነው ብለሃል። ይሁን፣ ቅቤው ነው። እኔም ያለቀስኩት በቅቤው ነው። ወጉን አንዴ ጠብቄው ዋጋው ምን እንደነበር እኔና አንተ እናውቃለን። በእጄ ያጎረስኩትን ሰው ከእንግዲህ አንቱ አልለውም።

ያን የድሮ ደብዳቤዬን የኔዓለም ሳልጠይቃት ሰጠችኝ። አነበብኩት። የጻፈችው ሴት ክፉ አልነበረችም፣ ግን ምንም አታውቅም ነበር።

ባሕር ልታይ ሄዳ ምንም ውኃ ሳታይ ተመለሰች እንዳትል። አውሮፕላኑ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ዳዊት ስደግም አንድ ሰው «ከታች ዓባይ ነው» አለ። ያኔ ገለጥኩት። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ፣ ውኃውም እታች እንደ ክር ቀጥኖ አየሁት። አውቶቡሱ የቆመበትን ቦታ ፈለግሁ፤ ከዚያ ከፍታ አይለይም። እስኪያልፍ ድረስ አየሁትና ዓይኔን መልሼ ጨፈንኩ። በጉዞዬ ሁሉ ያየሁት ውኃ እርሱ ነው።

ወለተ ሚካኤልን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ እናቷንም። ዕቅዱን የጻፍክበት ወረቀት እኔ ዘንድ አለ። ባንድ ፊቱ የአንተ ስድስት ቀን፣ በሌላው የእኔ እርሳስ። መልሰህ ብትጠይቀኝ አልሰጥህም።

በሌላ ዓመት ደግሞ ባሕር ይዩ ብለህ ብትጽፍልኝ፣ ለምን ብዬ አልጠይቅህም፣ ቀንም አልከራከርህም። ነጩ አፈር ያለበትን አውቀዋለሁ። ትናንት ዝናቡ አባርቶ ሳልፍ ሸተተኝና፣ ለማንኛውም ብዬ ትንሽ ቋጥሬ አስቀምጫለሁ።

እናትህ
ጥላነሽ